«ሐሙስ ሐሙስ ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቁኛል»

ደብዳቤው፦

«የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ የምተዳደረው በግቢዬ ያለውን ሁለተኛውን ቤት በማከራየት ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከውጭ አገር የመጡ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ገብተውበታል። ሚስዮናውያን ናቸው። ባልየው ከአንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ጋር ይሠራል፤ ሚስትየው ልጆቹን እዚያው ቤት ታስተምራለች። ኪራይ በቀኑ ይከፍላሉ፤ ክፉ ነገር አላየሁባቸውም። አማርኛ ገና እየተማሩ ነው። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ጠጪ ብዬ ብጠራት ጠዋት በሦስት ሰዓት መጥታ በሬን አንኳኳች።

«አብሮኝ የሚኖረው የልጄ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። እናቱ አዲስ አበባ ትሠራለች። ልጁ ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወት ይውልና በቅርቡ ባለ ሥዕል የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይዞ መጣ፤ የማላውቀውን መዝሙርም ያንጎራጉራል። ሴትየዋ ደግሞ ሐሙስ ማታ ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቤታቸው እንድመጣ ለመነችኝ። ፊቷን እያየሁ እምቢ ማለት ከበደኝና ‹እሺ፣ እግዚአብሔር ካለ› አልኳት። ይኸው ሐሙስ ሐሙስ ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቁኛል፤ እኔ ራሴን አመመኝ እላለሁ። የማርያም ማኅበርተኞቼ ‹ተራሽ ሲደርስ እዚያ ግቢ ገብተን አንጠጣም› ማለት ጀምረዋል። ልጄን ባማክራት ‹ገንዘቡን ያዢና ዝም በይ› አለችኝ። ሴትየዋ አንዳንድ ቀን ጓሮ ብቻዋን ስታለቅስ አያለሁ፤ አንጀቴን ትበላዋለች። ላስወጣቸው ወይስ ልተዋቸው?»

አከራይዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

እትዬ፣

አያስወጧቸው። ነገሩ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የልጁ ጉዳይ በእኔም ዘንድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ደብዳቤዎን ደጋግሜ ባነበው፣ ለእነዚህ ሰዎች አንድም ጊዜ «ይህን አልወድም» ብለው የነገሯቸው ቦታ አላገኘሁም። ለማኅበርተኞችዎ ነግረዋል፣ ለልጅዎ ነግረዋል፣ ለእኔም ጽፈዋል። ለእነርሱ ግን ያሏቸው «እሺ» ነው።

እኛ እምቢታችንን የምንናገርበት ብዙ መንገድ አለን። እግዚአብሔር ካለ እንላለን፣ እስቲ አያለሁ እንላለን፣ ራሳችንን ያመናል። የሰፈር ሰው ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሐሙስ ገብቶት ወንበሩን ያነሣ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ዘጠኝ ሰዓት ማለት ከቀትር በኋላ መሆኑን እንኳ ገና አሁን የተማሩ ናቸው። በየሳምንቱ ራስዎን ያመመዎትን አከራያቸውን «ሳይሻላት አልቀረም፣ ዛሬ ትመጣለች» እያሉ ነው የሚጠብቁት። ምናልባትም ስለ ራስ ምታትዎ ይጸልዩ ይሆናል። ያልተነገረውን ሰው አልሰማኝም ብሎ ዕቃውን ማስወጣት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ መናገር ነው፤ ሲናገሩም ከልጁ ይጀምሩ።

በልጁ ጉዳይ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግዎትም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 27 ለሁሉም ሰው የሃይማኖት ነፃነት ሲሰጥ፣ እዚያው ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተከራዮችዎ ሐሙስ ማታ በቤታቸው የመዘመር መብታቸውን ያገኙት ከዚሁ አንቀጽ ነው፤ የእርስዎ ቤተሰብም የልጁን ትምህርተ ሃይማኖት ራሱ የመወሰን መብቱን ከዚሁ ያገኛል። እንግዲህ ይህ መብት በመጀመሪያ የእናቱ ነው። «ገንዘቡን ያዢና ዝም በይ» ያለችው ልጅዎ ስለ ኪራዩ እንጂ ስለ ልጇ ያሰበች አልመሰለኝም። ይደውሉላትና ጥያቄውን ለይተው ያቅርቡላት፦ «ልጅሽ መዝሙራቸውን እየተማረ ነው፣ ትፈቅጃለሽ ወይ?» መልሷን ይዘው ከሄዱ ቃሉ የአንዲት አያት ቅሬታ ብቻ አይሆንም።

ቀጥሎ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ያነጋግሯቸው። ለሚስትየው ብቻ ነግረው ለባሏ እንድታደርስ አይተዉአት፤ ቋንቋም ስለሚያጥራት፣ ስለምታፍርም ግማሹን ታስቀረዋለች። አስተርጓሚ ሲፈልጉ ደግሞ ከባልየው ጋር የሚሠራውን ወጣት አይጥሩ። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። በሁለት በኩል ተጨንቆ ንግግርዎን አለሳልሶ ያቀርበዋል፤ እርስዎ «አልፈልግም» ሲሉ እርሱ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ይላሉ» ይላቸዋል። ከሰፈርዎ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ መምህር ይፈልጉና ቃል በቃል እንዲያስተላልፍ ያስጠንቅቁት። የሚናገሩት ደግሞ ከዚህ መብለጥ የለበትም፦

«ልጆቼ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ልጁም እንደዚሁ ነው። ልጆቻችን አብረው ይጫወቱ፤ ኳሱም ሥዕሉም ይሁን። የሃይማኖት መጽሐፍ፣ መዝሙርና ጸሎት ግን ለእርሱ ከእኛ ሳትጠይቁ አትስጡት። ሐሙስ እመጣለሁ ያልኩት አፍሬ ነው፤ አልመጣም። ቡና ለመጠጣት ግን እናንተም ኑ፣ እኔም እመጣለሁ።»

መጽሐፉን በአክብሮት ይመልሱላቸው። ከልጁ እጅ ነጥቀው፣ ልጁ እያየ አይሁን፤ እርሱ ያጠፋው ነገር የለም። መዝሙሩን ሲያንጎራጉር ሰምተው አይቆጡት። ሰንበት ትምህርት ቤት ካላስገቡት ያስገቡት፤ የሚዘምረው የራሱ ሲኖረው የሌላው ይቀራል።

ሥጋትዎ ከንቱ ነው የሚልዎት ካለ ግን አይስሙት። የጣና ዳር ሰው ሚስዮናዊን በጥርጣሬ ማየቱ ከየትም የመጣ አይደለም። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን የድንጋይ ግንብ ያውቁታል፤ የጴጥሮስ ፓኤዝ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ኢየሱሳዊ የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ሚስዮናዊ የነበረው ስፔናዊው ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1603 ነው። አማርኛውንም ግዕዙንም ተማረ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዐፄ ዘድንግል ፊት ሲቀርብ ይዞ የሄደው ያስተማራቸውን ሕፃናት ነበር፤ ንጉሡም በአመላለሳቸው ተደነቀ። እንግዲህ ሕፃን ይዞ ወደ ቤት መግባት አራት መቶ ዓመት ያለፈው ዘዴ ነው። ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጅቶ ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት ሳበው፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን አይቶ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። በትዕግሥት የሄደ ሰው ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ ቅዳሜ አይከበር፣ የዘመን አቆጣጠሩም ይለወጥ አለ። አገሩ ተነሣ። ከላስታ ገበሬዎች ጋር ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት ጦርነት ተደርጎ፣ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» ብሎ ዙፋኑን ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑም ብዙ ሳይቆዩ ተባረሩ።

ተከራይዎን ከሜንዴዝ ጋር ላመሳስለው አይደለም። ቲማቲም በእጥፍ ዋጋ እየገዛ የሚገባ፣ ቄሱን «አንቺ» ብሎ የሚጠራ (ጀማሪ ሁሉ ይህን ያደርጋል) አባወራ ፓትርያርክ አይወጣውም። ነገር ግን እርሱም ይህን ታሪክ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ ማኅበርተኞችዎ ለምን እንደሸሹ ከማንም ይልቅ ይህ ያስረዳዋል። በዘመናችን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በባሕር ዳርም ምእመናን አሏቸው። ሰውየው የመጣው እነርሱን ሊያግዝ ከሆነ ሥራው እዚያ አለለት፤ ከአከራዩ የልጅ ልጅ የሚጀምርበት ምክንያት የለም።

ወደ ማኅበርተኞችዎ ልምጣ፤ ለእርስዎ የሚከብደው ይኸኛው ይመስለኛል። ተከራይ ይሄዳል ይመጣል፣ ማኅበርተኛ ግን የሚቀብር ነው።

ጥያቄውን ከእነርሱ አፍ ሳይሆን ከራስዎ አፍ ለንስሐ አባትዎ ያቅርቡ፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከነገራቸው እርስዎ ተከሳሽ ሆነው ነው የሚቀርቡት። ልጁን ሰንበት ትምህርት ቤት እንዳስገቡ፣ ለተከራዮቹ ምን እንዳሏቸው ይንገሯቸው። ከዚያ የማኅበሩን ሙሴ (መሪውን) ለብቻው ያነጋግሩ። ጽዋው የሚጠጣው በእርስዎ ቤት እንጂ በተከራዮቹ ቤት አይደለም። ወር በገባ በ21 ዳቦው ሲቆረስ፣ ካህኑ ሲባርኩ፣ እነርሱ በራቸውን ዘግተው የራሳቸውን ኑሮ ይኖራሉ። ቀኑን አስቀድመው ይንገሯቸውና በዚያን ዕለት መዝሙራቸውን ዝግ እንዲያደርጉ ይለምኗቸው። ማኅበሩ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ ለደግነት ብለው እነርሱን አይጋብዙ፤ ያኔ ማኅበርተኞችዎ ቢቀየሙ ልክ ናቸው። ይህም ሆኖ አንገባም ካሉ፣ ለአንድ ተራ ብቻ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዲያወጡት ሙሴውን ይጠይቁ። ሰው ቁጣው ሲበርድ ይመለሳል።

ለማኅበርተኞችዎ የማነሣላቸው አንድ ነገር አለ፤ እርስዎ ቢሉት ያምራል። ባሕር ዳር ውስጥ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያልኖረ ማን አለ? ልጃችንን ስንድር ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በራሳቸው ሰው የታረደ ለብቻ ይሠራላቸዋል፤ ድስቱ ለብቻ ነው፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ሐዘን ሲደርስ አብረን እንቀመጣለን። የእነርሱን አናርድም፣ የእኛን አይበሉም፤ ማንም ማንን ለወጠ ተብሎ አይታማም። ይህን ሥርዓት ማንም ጽፎ አልሰጠንም፤ እናቶቻችን ናቸው ያወጡት። ማን ምን እንደማይበላ፣ ማን የትኛው ቀን እንደሚጾም ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይሳቀቅም። ከሚስዮናውያኑ ጋር የጎደለው ይህ ነው፤ ድንበሩ ገና አልተሰመረም። እነርሱ የውጭ ሰዎች ስለሆኑ አያውቁትም፣ እኛም «ክርስቲያን ነን» ሲሉን ግራ ተጋብተን ሳናሰምረው ቀረን። ሙስሊም ጎረቤትዎ ሐሙስ ማታ ለስግደት ቢጠራዎት ሳያቅማሙ «አይ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ» ይሉ ነበር፤ እርሱም አይቀየምም። ለእነዚህም በዚያው ድምፅ መልሱላቸው።

አሁን ጓሮ ስለምታለቅሰው ልጅ። ልጅ ያልኳት በእርስዎ ዕድሜ ልጅዎ ስለምትሆን ነው።

ከሚስዮናውያን ቤተሰብ ውስጥ የመጀመሪያው ዓመት የሚከብደው ብዙ ጊዜ ለሚስት ነው። ባልየው ጠዋት ይወጣል፤ የሚሠራው ሥራ፣ የሚያገኘው ሰው፣ የሚያስተረጉምለት ወጣት አለው። እርሷ ለሦስት ልጆች መምህር፣ ምግብ አብሳይና ጓደኛ ሆና ከአራት ግድግዳ ጋር ትውላለች። መብራት ይጠፋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ እናቷን የምታይበት ስክሪን ይጨልማል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ብዙዎቹ የሚኖሩት በአገራቸው ያሉ ምእመናን እያዋጡ በሚልኩት ገንዘብ ነው። ለእነዚህ ሰዎች በየጊዜው ደብዳቤ ይጻፋል፤ ሥራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ ይነገራል። ገንዘብ ለሚልክልዎ ሰው «ጓሮ ተቀምጬ አለቅሳለሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል? ስለዚህ የምታለቅሰው ጓሮ ነው። ሐሙስ ዕለት ያንን ወንበር ስታዘጋጅ ሃይማኖቷን ልትሰብክልዎ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ እናት የምታህል ሰው ቤቷ እንድትገባላት ፈልጋ ይሆናል። ሁለቱን ለይተው ይዩላት። ለስብከቱ እምቢ፣ ለሰውየዋ እሺ።

ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ይዘዋት ይሂዱ። ዋጋ ስትጠየቅ እርስዎ ይመልሱላት፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ራሷ ትከራከራለች። ሽሮ ያስተምሯት፤ እንጀራውን አሁን አይሞክሩት፣ ተስፋ ያስቆርጣታል። ሰዓት ሲቀጥሯት «ከምሳ በኋላ» ወይም «ጠዋት» የሚለውን ይጨምሩበት። መንገድ ሊዘጋ፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው ሲባል በሩን አንኳኩተው ይንገሯቸው፤ ወሬው የሚደርሳቸው ከሁላችን በኋላ ነው። እርሷም ለእርስዎ የምትሠራው ነገር ይኑራት፤ ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ያሳፍራል። ልጁን እንግሊዝኛ ላስተምረው ካለች ደስ ይላል፤ መጽሐፉ ግን የትምህርት ቤቱ ይሁን፣ ቦታውም የእርስዎ በረንዳ።

አንዳንድ ነገሯን ደግሞ ኩራት አድርገው አይቁጠሩባት። ውኃ የምታፈላው ቤትዎን ንቃ አይደለም። ልጆቿን ሐይቅ ዳር ወስዳ ውኃውን የማታስነካቸው በቢልሃርዝያ ምክንያት ነው፤ እውነቷን ነው፣ የእኛም ልጆች ቢጠነቀቁ ይሻላል። ክረምቱ ሲወጣ ወባ እንደሚበረታና አጎበሩ በዚያን ጊዜ እንደማይወልቅ ግን እርስዎ ይንገሯት።

ዐቢይ ጾም እየመጣ ነውና ይህንንም አስቀድመው ይጨርሱት። 55 ቀን ሙሉ ጓሮው የጥብስ ሽታ እየሸተተ መቀየም አያስፈልግም። በቤታቸው ሥጋ አትብሉ ማለት አይችሉም፤ ጓሮ ከሰል ላይ አትጥበሱ፣ ረቡዕና ዓርብም እንደዚሁ ማለት ግን ይችላሉ። ጾሙ መቼ እንደሚገባና እንደሚፈታ በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው። በዓል ሲሆን ማኅሌቱ ሌሊቱን በድምፅ ማጉያ እንደሚሰማም ይንገሯቸው፤ ቀኑን ቀድመው ካወቁት ሕፃን አስተኝተው ይዘጋጃሉ፣ ሳያውቁት ከሆነ ግን የተጣላቸው ሰው ያለ ይመስላቸዋል።

ለባልየውም አንድ ቃል አለኝ፤ መምህሩ ይህን አንብቦ ይንገረው። ወንድሜ፣ ቡና ጠርታህ የመጣህላትን ሴት የወደድካት ጎረቤትህ ስለሆነች ነው ወይስ ለምትጽፈው ደብዳቤ ስለምትጠቅምህ? መልሱን ለእኔ አትንገረኝ። እርሷ ሐሙስ አልመጣም ካለችህ በኋላ ሰላምታህ እንደ ቀድሞው ሞቅ ያለ ከሆነ፣ ሰፈሩ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። ለሰው ልጅ ስጦታ ስትሰጥ፣ ከረሜላም ቢሆን፣ አያቱን ጠይቅ።

ማስወጣት የሚገባዎት ጊዜም አለ፤ አልሸሽግዎትም። ይህን ሁሉ በግልጽ ነግረዋቸው፣ ገብቶናል ብለው፣ ከዚያ በኋላ ልጁን በስውር ማስተማር ከቀጠሉ ያኔ ሰበብ አይፈልጉላቸው። በውሉ መሠረት ጊዜ ይስጧቸውና ቤታቸውን ይፈልጉ። ውልዎ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሁኑኑ በጽሑፍ ያድርጉት፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውንም ቅጂ ይያዙ፤ ቀበሌ ጠይቆ ሲመጣ ከመደናገጥ ያድንዎታል። እኔ እዚያ ይደርሳል ብዬ አልገምትም። ከነገሯቸው በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ይፈዝዙ ይሆናል፤ ሚስትየዋም ታፍር ይሆናል፤ እርስዎ ቡናውን አያቋርጡ።

ለልጅዎ ዛሬ ማታ ይደውሉ። መምህሩን ነገ ይጠይቁት። ሐሙስ ሳይደርስ ያነጋግሯቸው።